የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የቀጥቃጩ ክብር

በምሥራቅ ጎጃም፥ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፥ ከዓባይ ሸለቆ በላይ ባለው ደጋ ላይ ጉንደ ወይን የምትባል የገበያ ከተማ አለች። በገበያ ቀን ጤፉና ስንዴው፥ ቅቤውና ማሩ፥ በጉና ሙክቱ ከየአቅጣጫው ሲገባ፥ ከዳር በኩል ደግሞ ማረሻና ማጭድ፥ መጥረቢያና ቢላዋ ተዘርግቶ ይታያል። ገበሬው ጎንበስ ብሎ አንዱን ቢላዋ ያነሣል፤ በመጀመሪያ በጥፍሩ ነክቶ ድምፁን ያዳምጣል፤ ቀጥሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የስለቱን መቅናት ይመለከታል፤ በመጨረሻም የክንዱን ጠጕር በስሱ ላጭቶ ይፈትነዋል። በዋጋው ተከራክሮ ከተስማማ በኋላ ቢላዋውን በጨርቅ ጠቅልሎ፥ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ያመራል።

በዚያ ቢላዋ በግ ይታረድበታል፤ ሥጋ ይቈረጥበታል፤ ጠፍር ይተለተልበታል፤ የአዲስ ሕፃን እትብትም ሳይቀር ይቈረጥበት ነበር። ይሁን እንጂ ቢላዋውን በእሳት ፊት ተቀምጦ የሠራው ሰው፥ በጥንቱ ልማድ ከገዥው ጋር በአንድ ማዕድ እንዲቀርብ አይጠራም፤ ልጁንም ለገዥው ልጅ እንዲድር አይታሰብም ነበር። ሥራው ተወዶ ሠሪው ተጠላ ማለት ነው።

ይህ ነገር ትክክል አለመሆኑን ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብለው ከተረዱት የሀገራችን ገዥዎች መካከል አንዱ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ስማቸው የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከእምባቦና ከሣር ውኃ፥ ከዓድዋም ጦርነት ጋር ነው። እኛ ግን ዛሬ የጦሩን ታሪክ ሳንተው፥ ከቀጥቃጩ፥ ከሸማኔውና ከቆዳ ሠራተኛው ጋር የነበራቸውን ነገር ለአንባቢዎቻችን በሰፊው እናወሳለን።

ትውልዳቸውና አስተዳደጋቸው

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተወለዱት በ1839 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን የመጀመሪያ ስማቸው አዳል ነበር። አባታቸው ደጃዝማች ተሰማ ጎሹ፥ አያታቸው ደግሞ በጎጃምና በዳሞት ስማቸው የገነነው ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ናቸው። ደጃዝማች ጎሹ በኅዳር ወር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ፥ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተባሉት ከደጃዝማች ካሣ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ስለዚህ አዳል ገና ሕፃን ሳሉ የቤታቸው ምሰሶ በጦር ሜዳ ተሰበረ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ዘመን ለጎጃም የዕረፍት ዘመን አልነበረም። ተድላ ጓሉ ለዐፄ ቴዎድሮስ አልገዛም ብለው ሀገሩን ያዙ። የጎሹ ወገንና የተድላ ወገን እርስ በርሱ ይፈላለግ ነበርና፥ ወጣቱ አዳልም የመከራውን ጽዋ ቀምሰው አደጉ። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። እኒህም ንጉሠ ነገሥት የተድላ ጓሉን ልጅ ደስታ ተድላን ትተው አዳልን በጎጃም ላይ ሾሙ፤ እኅታቸውን ወይዘሮ ላቀች ገብረ መድኅንንም ዳሩላቸው። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ በ1863 ዓ.ም. ተሸንፈው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሲነግሡ፥ አዳል ለአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ገብተው ራስ ተባሉ። በመጨረሻም በጥር ወር 1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ዘውድ ደፍተውላቸው፥ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘጎጃም ወከፋ ተባሉ።

መናገሻቸውን ያደረጉት በመንቆረር ነው። በዚያም የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ከተማይቱም ከቤተ ክርስቲያኑ ስም ደብረ ማርቆስ ተብላ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ትጠራለች።

በወገብ ላይ የነበረው ብረት

በዚያ ዘመን ብረት ሳይታጠቅ ከቤቱ የሚወጣ ወንድ ጥቂት ነበር። መኳንንቱ ጎራዴ ይታጠቁ ነበር፤ ይኸውም በሌላ ሀገር እንደሚደረገው በግራ ጎን ሳይሆን በቀኝ ጎን ነው። ግራው እጅ ጋሻ ስለሚይዝ ቀኙ ጎን ለጎራዴው ይቀራል። ከጎራዴው ሌላ ሁለት አፍ ያለው ሻሞላ፥ ከወገብ የማይለየው ጩቤ፥ ለእርድ የሚሆነው ትልቁ ካራ፥ ለማዕድ የሚሆነውም ቢላዋ እያንዳንዱ የየራሱ ቦታና ሥራ ነበረው። ሰንጢ ታጥፎ በኪስ የሚያዝ ሲሆን፥ እነዚህ ግን ሁልጊዜ ቀጥ ብለው በአፎታቸው የሚኖሩ ናቸው።

በታላላቅ ሰዎች ቤት ጎራዴውና ጩቤው በግድግዳው ካስማ ላይ በየተራ ተሰቅሎ ይታይ ነበር። ከአባት የተወረሰው፥ ከጠላት የተማረከው፥ ከንጉሥ እጅ የተሸለመው ሁሉ አንድ ላይ ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ የቤቱ ጌታ ብረቱን እያወረደ የእያንዳንዱን ታሪክ ያወራል። ስለዚህ የስለት መሣሪያ መሰብሰብ ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም፤ በአባቶቻችን ቤት የትውልድ መዝገብ ሆኖ ይኖር ነበር። የጎራዴው እጀታ ከጎሽ ቀንድ፥ ከፍ ላለው ሰውም ከአውራሪስ ቀንድ ይሠራል፤ አፎቱ በቀይ ቆዳ ይለበጣል፤ ጫፉ በብር ይጌጣል። ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ከጀርመን ሀገር፥ ዞሊንገን ከምትባለው የስለት ከተማ እየተሠራ የሚመጣ የጎራዴ ብረትም በሀገራችን ብዙ ነበር፤ እጀታውንና አፎቱን የሚያበጅለት ግን የሀገር ልጅ ነው።

በገበሬው ቤት የነበረው ብረት ጌጥ የለውም፤ ሥራው ግን ከጎራዴው ይበልጣል። በፋሲካ ሌሊት ካራው ከአፎቱ ይወጣል፤ በስመ አብ ተብሎበት በጉ ይታረዳል። በሠርግ ቤት ሰዎች ሥጋውን በግራ እጃቸው ይዘው፥ ጫፉን በጥርሳቸው ነክሰው፥ ከከንፈራቸው አጠገብ በቢላዋ እየቈረጡ ይበላሉ። ይህን ሲያደርጉ ቢላዋው የሰላ ካልሆነ ነገሩ አይሆንም፤ የማያውቀውም ሰው አፍንጫውን እንዳይቈርጥ ይሠጋል። አራስ በተኛችበት አልጋ ራስጌም ቢላዋ ወይም ሌላ ብረት ይቀመጣል፤ ብረት ክፉውን መንፈስ ያርቃል ተብሎ ይታመናልና።

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር ልብ ይበል። ብረቱ ክፉውን ያርቃል ብሎ የሚያምነው ያው ሰው፥ ብረቱን የሠራውን ክፉ ዓይን አለው ብሎ ይሸሸው ነበር።

ቀጥቃጩና ሥራው

ቢላዋ ከአንድ እጅ ብቻ አይወጣም። ቀጥቃጩ ከፍየል ቆዳ በተሠራው ወናፍ እሳቱን እያናፋ፥ የጠንካራ እንጨት ከሰል አንድዶ ብረቱን ያግላል። ቀይ ሆኖ እንደ ፍም ሲያበራ በጉጠት ይዞ በመስፉ ላይ ያኖረዋል፤ በመዶሻም እየደጋገመ ይቀጠቅጠዋል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ እንደ ገና ወደ እሳቱ ይመልሰዋል። ቅርጹ ከወጣ በኋላ ዋናው የጥበብ ሰዓት ይመጣል፤ ይኸውም ብረቱን ማጠጣት ነው። የጋለውን ብረት ውኃ ውስጥ ሲነክር ጊዜውንና ልኩን ማወቅ አለበት። ከመጠን በላይ ከጠጣ እንደ ሸክላ ይሰበራል፤ ከልኩ ካነሰም ስለቱ ቶሎ ይታጠፋል። ይህን የሚለካበት መሣሪያ የለውም፤ ዓይኑ የብረቱን መልክ፥ ጆሮው የውኃውን ጩኸት አይቶና ሰምቶ ይፈርዳል።

ከዚያ በኋላ የብረቱ ጭራ በእሳት ይግልና በቀንዱ ወይም በወይራው እጀታ ውስጥ እያቃጠለ እንዲገባ ይደረጋል፤ በዚህም ዓይነት ሳይነቃነቅ ተጣብቆ ይቀራል። አፎቱን ደግሞ ቆዳ ሠራተኛው እርጥቡን ቆዳ በልኩ ሰፍቶ ያደርቀዋል። ባለቤቱም በበኩሉ ቢላዋውን በሞረድ ወይም በወንዝ ድንጋይ ላይ በውኃ እያራሰ ይስለዋል፤ ለብዙ ጊዜ የሚያስቀምጠው ከሆነም ዝገት እንዳይበላው ቅቤ ይቀባዋል። እንዲህ ያለው ቢላዋ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል።

እንግዲህ አንድ ቢላዋ የቀጥቃጩና የቆዳ ሠራተኛው እጅ የተባበረበት ሥራ ነው። ሁለቱም ግን የተናቁ ነበሩ። ቀጥቃጩ ጠይብ፥ ቡዳ ይባላል፤ ቆዳ ሠራተኛው ፋቂ ተብሎ ይሰደባል፤ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋም ከስድብ አያመልጡም። ቀጥቃጭ ሌሊት ጅብ ይሆናል፥ በዓይኑም ሰው ይበላል እየተባለ ይወራል። በአንድ መንደር ሕፃን በድንገት ቢታመም የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እርሱ ነው። በሰሜንና በጎንደር፥ በጎጃምም አንዳንድ ስፍራ፥ ከብረት ሠሪዎቹ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ የርስት መሬት ስለ ተነፈጉ ኑሯቸውን በብረትና በሸክላ ሥራ ላይ መሠረቱ። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ሥራ ያድራል፤ በእጁ ሥራ ስለሚያድርም ይናቃል፤ ስለ ተናቀም መሬት አያገኝም። ነገሩ መውጫ እንደሌለው አጥር ነበር።

የንጉሡ ሥራ

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ይህን ነገር እንዴት እንዳዩት ከሥራቸው ይታወቃል። ንጉሡ ሥራን የሚወድዱ፥ የእጅ ብልሃት ያለውንም ሰው የሚያቀርቡ ነበሩ። ሳሊምቤኒ የተባለውን የኢጣሊያ ሰው አስመጥተው በ1877 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ መካከል በሚፈሰው በተምጫ ወንዝ ላይ የድንጋይ ድልድይ አሠሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በቤታቸው ካደጉት መካከል አንዱ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ናቸው። እኒህ ሰው ከዓባይ ማዶ ከኦሮሞ ወገን በልጅነታቸው በዘመቻ ተማርከው የመጡ ሲሆኑ፥ በቤተ መንግሥቱ አድገው ትምህርት ተማሩ፤ ሠዓሊም ሆኑ፤ በኋላም የጎጃምን ታሪክ የጻፉ ዝነኛ ሊቅ ለመሆን በቁ። የተማረከ ልጅ በእጁ ጥበብና በብዕሩ እንዲህ ከፍ ማለቱ የዚያን ቤት ጠባይ ያሳያል።

በጎጃም ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትረካ እንደሚያስረዳው፥ ንጉሡ የእጅ ሠራተኛው መሰደቡ ስላሳዘናቸው ነገሩን በቃል ከመከልከል በፊት በገዛ እጃቸው ጀመሩት። የሽመና፥ የቆዳና የብረት ሥራ በራሳቸው ሞከሩ። ዘውድ የደፋ ሰው በወናፍ ፊት ሲቀመጥ መኳንንቱ ምን ያህል እንደ ደነገጡ ለመገመት አያዳግትም። ከዚህ በኋላ ነው ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ ዐዋጅ ያስነገሩት። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሸማኔን የሚሰድብ ንጉሡን ይሰድባል፤ ቀጥቃጩን የሚንቅም ንጉሡን ይንቃል፤ ንጉሡ ያንኑ ሥራ ሠርተዋልና።

ይህ አሠራር ብልሃት ያለበት ነው። ስድብን በዐዋጅ ብቻ መከልከል ሰውን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ልቡን አይለውጠውም። ከላይ ያለው ሰው ከታች ያለውን ሥራ ሲሠራ ግን፥ የስድቡ ትርጕም ራሱ ይናጋል። ንጉሡ ይህን ያደረጉት ስለ ቸርነት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ጦረኛ ገዥ ጦር ሠሪ ያስፈልገዋል፤ ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ ወታደሩ ያለ ብረት አይዘምትም፤ የተሰበረ ጠመንጃ የሚጠግነውም ያው ቀጥቃጩ ነው። ከእርሳቸው በፊት ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የውጭ ሀገር ባለሙያዎችንና የሀገር ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩት ይህንኑ ተረድተው ነው። የጎጃሙ ንጉሥ የጨመሩት ነገር፥ ሥራው ብቻ ሳይሆን ሠራተኛውም ክብር እንዲያገኝ መፈለጋቸው ነው።

የጦርነቱ ዘመን

ነገር ግን ዘመኑ ለእጅ ሥራ የሚመች አልነበረም። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የከፋ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ስለ ደፉ ከዓባይ ማዶ ያለውን ሀገር ሊይዙ ፈለጉ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ያንኑ ይፈልጉ ነበር። በግንቦት ወር መጨረሻ 1874 ዓ.ም. ሁለቱ ነገሥታት በሆሮ ጉድሩ እምባቦ ላይ ተጋጠሙ። በራስ ጎበና ፈረሰኞች የበረታው የሸዋ ጦር ድል አደረገ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቈስለው ተማረኩ። ንጉሥ ምኒልክ ምርኮኛቸውን በክብር ይዘው ቍስላቸውን አስታመሙላቸው። ዐፄ ዮሐንስ ግን ያለ ፈቃዳቸው በተደረገው ጦርነት ተቈጥተው፥ ከምኒልክ ወሎን፥ ከተክለ ሃይማኖትም አገው ምድርን ቀሙ።

ከዚህ የባሰው መከራ በጥር ወር 1880 ዓ.ም. መጣ። የደርቡሽ ጦር በአቡ አንጃ እየተመራ ወደ ደምቢያ ሲገባ፥ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሣር ውኃ ላይ ገጠሙት። የጎጃም ሰው በጀግንነት ቢዋጋም ተሸነፈ፤ ከንጉሡ ቤተ ሰብ ሳይቀር ተማረከ። ጎንደርም ተቃጠለች። ንጉሡ በዚያ የኀዘን ጊዜ ከምኒልክ ጋር ተስማምተው በዐፄ ዮሐንስ ላይ ስለ ሸፈቱ፥ ንጉሠ ነገሥቱ በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ጎጃም ዘምተው ሀገሩን በዘበዙት። በዚያ ዘመቻ ጎተራው ተራቈተ፤ ከብቱ ተነዳ፤ መንደሩም ወና ሆነ። ስለ ሠራተኛ ክብር የተነገረ ዐዋጅ በእንዲህ ያለ ዓመት ውስጥ ማን ያስታውሰዋል?

ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ሲወድቁ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ለዐፄ ምኒልክ ገቡ። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የጎጃምን ጦር መርተው ተሰለፉ። በዚያች ዕለት ጠመንጃው ብዙ ነበር፤ ነገር ግን ከጠላት ጋር ተቀራርቦ በተደረገው ትግል ጎራዴውም ሥራውን ሠርቷል። ጎራዴውን የሳለው፥ የጦሩን አንካሴ ያበጀው፥ የበቅሎውን ልጓም የጠገነው ስሙ ያልተጻፈ ሠራተኛም ከድሉ ድርሻ አለው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር ወር 1893 ዓ.ም. ዐረፉ። ከልጆቻቸው ራስ በዛብህና ራስ ኃይሉ ስመ ጥር ሆኑ፤ ራስ ኃይሉም ጎጃምን እስከ 1924 ዓ.ም. ገዙ።

ከእርሳቸው በኋላ

ንጉሡ ከሞቱ ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ለመላው ኢትዮጵያ አወጡ። ሠራተኛን የሚሰድብ እርሳቸውን እንደ ሰደበ እንደሚቈጠርና በእስራት እንደሚቀጣ አስታወቁ። በጎጃም የተጀመረው ሐሳብ በሀገር ሁሉ የተሰማው በዚህ ነው ለማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ እውነቱን መደበቅ አይገባም። ሁለቱም ዐዋጆች በአደባባይ የሚነገረውን ስድብ ቀነሱ እንጂ፥ በጓዳ ያለውን ንቀት አላጠፉትም። ዐዋጅ በገበያ ይነገራል፤ ጋብቻ ግን በቤት ውስጥ ይመከራል። ብዙ የቀጥቃጭ ልጅ የአባቱን መዶሻ ጥሎ ወደ ሌላ ሀገር የሄደው ደመወዝ ፍለጋ ብቻ አይደለም፤ ማን መሆኑ ወደማይታወቅበት ለመድረስ ጭምር ነው። በ1977 ዓ.ም. እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ቤተ እስራኤል በብዛት ወደ እስራኤል ሲሄዱ፥ ለብዙ ትውልድ የተከማቸው የብረት ጥበብ አብሮ ሄደ። ዛሬ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም፥ በውጭ ሀገር ቤተ መዘክሮችም የአባቶቻችን የእጅ ሥራ በመስተዋት ውስጥ ተቀምጦ ይታያል። እንዲህ ካሉት ዕቃዎች ብዙዎቹ የታጠቃቸው ሰው ወይም የሰበሰባቸው ሰው ስም ይጻፍላቸዋል፤ የሠሪው ስም ግን እምብዛም አይገኝም።

ሥራው ግን ፈጽሞ አልቀረም። መኪና ከመጣ ወዲህ ቀጥቃጩ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ እየገዛ ከእርሱ ጠንካራ ቢላዋ ያወጣል። ወናፉና መዶሻው፥ ብረት የማጠጣቱም ብልሃት ያው የጥንቱ ነው።

እንግዲህ በጉንደ ወይንም ሆነ በሌላ ገበያ ቢላዋ ለመግዛት ጎንበስ የሚል ሰው፥ በጥፍሩ ብረቱን ከነካ በኋላ ቀና ብሎ የሻጩን ፊት ይመልከት፤ ስሙንም ይጠይቅ። የዕቃውን ጥራት ብቻ መመርመር ከገበያተኛ ይጠበቃል፤ ሠሪውን ማክበር ግን ከጎጃሙ ንጉሥ የተወረሰ፥ እስከ ዛሬም ተከፍሎ ያላለቀ ዕዳ ነው። ንጉሡ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመው በወናፍ ፊት መቀመጥን ካላፈሩ፥ እኛ ከቀጥቃጩ ጋር በአንድ ማዕድ ለመቀመጥ የምናፍርበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።